ስንት ኪሎ ይበቃል? ስለ ሰውነት ክብደትና ስለ ልከኝነት የቀረበ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ተመልሶ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቢቸና የሚገባ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው ስለ ገላው ነው። ወፍሮ ከመጣ «እሰይ፣ አምሮብሃል፣ ፊትህ ሞልቷል» ይባላል። ቀጥኖ ከመጣ ደግሞ «ምነው ከሳህ? ታመህ ነበር እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብን ያየና የሰማ ሕዝብ መክሳትን ከእጦት ጋር ቢያያይዘው፣ ኋላም ኤድስ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን በስም ከማይጠራው በሽታ ጋር እያያያዘ ቢፈራው አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል በከተሞቻችን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ድምፅ ይሰማል። ወጣቶች በስልካቸው ላይ የሚያዩትን ምስል ከራሳቸው ገላ ጋር እያስተያዩ ምግብ እስከ መተው ይደርሳሉ፤ አንዳንዶቹም ምንነቱ ያልታወቀ «የማቅጠኛ መድኃኒት» ይገዛሉ። እንግዲህ በአንድ አገር ሁለት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ አንዱ በመወፈር ያመሰግናል፣ ሌላው በመቅጠን ያወድሳል። ሁለቱም የሚፈርዱት በመልክ ነው።

በዚህ እትም የምንመለከተው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ አንድ ክርስቲያን ሊጠብቀው የሚገባውን የሰውነት ክብደት በማን ቃልና በምን መለኪያ ይወስናል? ከመጀመሪያው ለመናገር ያህል፣ ልክ የሆነ ክብደት ማለት ሰው የተሰጠውን ሥራ እየሠራ፣ ጤናው ሳይታወክ፣ በጾምም ሆነ በፍስክ ብዙ ሳይወጣና ሳይወርድ ሊኖርበት የሚችለው ክብደት ነው። ይህን ለማስረዳት አስቀድመን የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት፣ ቀጥሎም የሐኪሞችን መለኪያ እናያለን።

ሰውነት አደራ ስለ መሆኑ

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2288 ሕይወትና የአካል ጤና ከእግዚአብሔር የተቀበልናቸው ውድ ስጦታዎች መሆናቸውን፣ የሌሎችን ፍላጎትና የጋራውን ጥቅም እያሰብንም በአግባቡ ልንንከባከባቸው እንደሚገባ ያስተምራል። በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ለአካል ውበትና ብርታት ሁሉን መሠዋትን፣ ገላን እንደ ጣዖት ማምለክን ይነቅፋል። በቁጥር 2290 ላይ በምግብና በመጠጥ መብዛትን ሁሉ የምታስወግድ ምግባር ልከኝነት መሆኗን ያመለክታል። ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ሲነበቡ አካሄዱ ግልጽ ይሆናል፤ ገላ አይናቅም፣ አይመለክምም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ልከኝነት ባስተማረበት ክፍል የመብልና የመጠጥ ደንብ የዚህ ሕይወት አስፈላጊ ነገር እንደ ሆነ ያስረዳል። አስፈላጊ ያለው ግን ነፍስን ለማቆየት ብቻ የሚበቃውን ፍርፋሪ ማለቱ አይደለም፤ ለጤናና ለሰው ኑሮ ተገቢ የሆነውን ሁሉ ይጨምራል። ስለ ጾም ሲናገርም፣ ሰው ተገቢ ሥራውን ለመሥራት እስኪያቅተው ድረስ ምግብን መቀነስ ከትክክለኛ አእምሮ የሚወጣ እንዳልሆነ ያስተምራል። (ይህን የጻፈው ቅዱስ ራሱ ደንዳና ሰውነት የነበረው መሆኑ በትውፊት ይነገራል። ቅድስናን በወገብ ስፋት መለካት እንደማይገባን አንድ ማሳሰቢያ ሊሆነን ይችላል።)

ቅዱስ ቶማስ ከታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ተቀብሎ ያብራራው ሌላም ነገር አለ። ሆዳምነት በአምስት መንገድ ይገለጣል፤ ይኸውም ከሰዓቱ አስቀድሞ በመብላት፣ እጅግ ውድ የሆነውን በመፈለግ፣ አብዝቶ በመብላት፣ በስስትና በጥድፊያ በመብላት፣ በዝግጅቱ ላይ እጅግ በመራቀቅ ነው። ከአምስቱ መጠንን የሚመለከተው አንዱ ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ስለዚህ ቀጭን ሰው ሆዳም ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ሰውም ልከኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ውፍረት ከትውልድ፣ ከዕድሜ፣ ከወሊድ፣ ከሚወሰድ መድኃኒት፣ ከሥራ ጠባይም ስለሚመጣ፣ የጎረቤታችንን ሆድ አይተን በነፍሱ ላይ መፍረድ አይገባንም።

በሰባራ ድልድይ

ትምህርተ ክርስቶሱ የሌሎችን ፍላጎት እያሰብን ጤናችንን እንድንጠብቅ ማለቱ በምስራቅ ጎጃም ላለ ሰው እንግዳ አሳብ አይሆንም። ከሞጣ በስተሰሜን፣ ጎጃምና በጌምድር በዓባይ ላይ በሚገናኙበት ቦታ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለ ተቆረጠ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች እየሳቡት በክፍተቱ ላይ ይተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ቢጠገንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ በአቅራቢያው ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

በዚያ ገመድ ላይ የአንድ ሰው ክብደት የእርሱ ብቻ ጉዳይ አልነበረም፤ የሚስቡት ሰዎች ክንድ ያውቀዋል። ዛሬ ገመዱ ቢቀርም ነገሩ አልቀረም። በገጠር ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክመው መኪና ወደሚገኝበት መንገድ የሚያወጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። በደም ግፊት ምክንያት ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለትን አባት የሚያነሣውና የሚያስተኛው ልጁ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ለዚህ ስትል ትምህርቷን የምታቋርጠው ሴት ልጁ ናት። በአንጻሩ ከመጠን በላይ ከስታ ወተቷ የጎደለባት እናት ጉዳቷ ለሕፃኑ ይተርፋል። እንግዲህ ክብደትን መጠበቅ የፍቅር ሥራ የሚሆንበት መንገድ አለ ስንል የተጋነነ ነገር እየተናገርን አይደለም።

የሐኪሞች መለኪያና ወሰኑ

በጤና ተቋማት የሚሠራበት የተለመደ መለኪያ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ነው፤ በባለሙያዎች ዘንድ ቢ.ኤም.አይ. ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቁመትን በሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያም ክብደትን በኪሎ ወስዶ በተገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት አመዳደብ ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች ቀጭን፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ተገቢ፣ ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ብርቱ ውፍረት ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው ከ50 ኪሎ ጥቂት ከፍ ካለው ጀምሮ እስከ 68 ኪሎ ድረስ በተገቢው ክልል ውስጥ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 ለሆነች ሴት ክልሉ ከ46 እስከ 62 ኪሎ ያህል ነው። በሁለቱም ዘንድ ክልሉ ከ15 ኪሎ በላይ ስፋት አለው። ስለዚህ «የእኔ ትክክለኛ ኪሎ ስንት ነው?» ብሎ አንድ ቁጥር ከሠንጠረዥ የሚጠብቅ ሰው ሠንጠረዡ የማይሰጠውን እየጠየቀ ነው።

ይህ ስሌት መጀመሪያ የተገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቤልጅጉ የሒሳብና የሥነ ክዋክብት ሊቅ ከአዶልፍ ኬትሌ ነው። የሊቁ አሳብ የብዙ ሰዎችን አማካይ ጠባይ ማጥናት እንጂ አንድን በሽተኛ መመርመር አልነበረም። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 አንሰል ኪይስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ባሳተሙት ጥናት ነው። ስለዚህ መለኪያው ጡንቻንና ስብን ለይቶ አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ሲያርስና ሲሸከም የኖረ ገበሬና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ጸሐፊ በቁጥር እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በጤና ግን እኩል አይደሉም። እግረ ረጅምና ደረተ አጭር የሆነ ሰውም ቁጥሩ ከእውነተኛ ሁኔታው ዝቅ ብሎ ይታያል።

ከዚህም በላይ 25 የሚለው ገደብ ለሰው ዘር ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ታውቋል። የዓለም የጤና ድርጅት አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያ ሕዝቦች 23ን ተጨማሪ የማስጠንቀቂያ ነጥብ አድርገው አሳስበዋል። በአገራችንም በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ በተለይ ለወንዶች፣ ከዓለም አቀፉ ገደብ ዝቅ ያለ ልክ እንደሚያስፈልግ አመልክቷል። አንድ ጥናት ለመላው አገር ሕግ አይሆንም፤ ሆኖም እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የገፋ ሰው «ቁጥሬ ከ25 በታች ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ ያስጠነቅቃል።

ለዚህ ዐይነቱ ሰው ከሚዛን ይልቅ ገመድ ይሻላል። ከራስ እስከ ተረከዝ ያለውን ቁመት በገመድ ለክቶ፣ ገመዱን እኩል ማጠፍና በእንብርት አካባቢ መጠምጠም ነው። የታጠፈው ገመድ ሆድን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ መልካም ነው፤ ካልተገናኘ በሆድ ውስጥ የተከማቸው ስብ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም መንገድ እየጠረገ ሊሆን ይችላል። ወገብ ከቁመት እኩሌታ እንዳይበልጥ የሚለው ይህ ምክር በሌሎች አገሮች የጤና መመሪያዎችም የተቀበሉት ነው። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ግን አይሠራም።

መክሳት ሁሉ ጤና አይደለም

ውፍረትን የሚነቅፍ ትምህርት ብቻውን ለአገራችን ሰው ቢሰጥ ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 22 ከመቶ የሚሆኑት ከ18.5 በታች፣ 8 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከ25 በላይ ነበሩ። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። ቢቸናና ሞጣ የታወቀ የጤፍ አገር መሆናቸው ይህን አሳብ ያከብደዋል፤ ጎተራ የሞላበት ወረዳ የልጆቹ ሳህን ሞልቷል ማለት አይደለም። ጤፉ ገበያ ይወጣል፤ ወተቱ፣ እንቁላሉና አትክልቱ ከልጆች ገበታ ይጎድላል፤ እናትም ሁሉን አብልታ በመጨረሻ በተረፈው ትቀመጣለች።

ከጎንደር የወጣ እ.ኤ.አ. የ2009 ጥናት ብዙ ሊያስተምረን ይችላል። በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕሙማን አብዛኞቹ ድሆችና ቀጫጭኖች ሆነው በመገኘታቸው፣ ጥናቱ ሕመማቸው ከቀድሞ የምግብ እጦት ጋር ግንኙነት ይኖረው እንደ ሆነ ጠይቋል። ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን ይህን የስኳር በሽታ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 በራሱ ስም አምስተኛው ዐይነት ብሎ ተቀብሎታል። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል እንግዲህ ስሕተት ነው።

ሳያስብበትና ሳይፈልግ በጥቂት ወራት ውስጥ ልብሱ የሰፋበት፣ ውኃ የሚጠማውና ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ፣ ወይም የሚያስልና የሚያልበው ሰው፣ ጎረቤት «ከሳህ» ማለቱን እንደ ሐሜት ሳይቆጥር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ሕክምና ማግኘት ለብዙዎች አዳጋች ሆኖ መቆየቱን እናውቃለን፤ የጎረቤት ዐይን ዋጋ የሚያገኘውም በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት የላይኛው ክንዷ ዙሪያ ከ23 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተጨማሪ ምግብና ክትትል ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚለካውን ጥብጣብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይይዛሉ።

የራስን ልክ ስለ ማግኘት

ሠንጠረዡ ክልሉን ይሰጣል፤ በክልሉ ውስጥ የትኛው ነጥብ የእኔ ነው የሚለውን የሚመልሰው የራስ ኑሮ ነው። ለዚህ የሚረዳ አንድ ጥያቄ ቢኖር ይህ ነው፤ ከጉርምስና በኋላ ጤነኛ ሆኜ፣ ሳልራብና ሳልጨነቅ፣ ለብዙ ጊዜ የቆየሁት በስንት ኪሎ ነበር? ለአብዛኛው ሰው መልሱ በሃያዎቹ መጨረሻና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ የነበረው ክብደት አካባቢ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ሲወጣ ይተነፍስ እንደ ነበረ፣ እንቅልፉ መልካም እንደ ነበረ፣ ጉልበቱ ያሳምመው እንዳልነበረ ያስታውስ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ኪሎ እንኳ ቢጨምር በ15 ዓመት 15 ኪሎ ነው፤ ይህም ሳይወርድ የሚታዘል ሸክም ማለት ነው።

ጭማሪው ከየት ይመጣል? በብዛት ከማናስተውለው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ኃይል አለው። ሁለት ማንኪያ በወጥ ላይ ቢጨመር፣ ያንን ለመመለስ አንድ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ያስፈልጋል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር ይይዛል። ጠላና አረቄም በሚዛኑ ላይ ይቆጠራሉ፤ ይህን የሚረሱት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። በየቀኑ አንድ ማንኪያ ዘይት ከሚያስፈልገን በላይ ብንወስድ በወረቀት ላይ በዓመት ከ5 ኪሎ በላይ ይሆናል። በእርግጥ ሰውነት ራሱን የሚያስተካክልበት መንገድ ስላለው ያን ያህል አይደርስም፤ ግን አቅጣጫው ወደዚያ ነው።

ክብደቱ እጅግ ያለፈበት ሰው ወደ ሠንጠረዡ ክልል ካልገባሁ ዋጋ የለኝም ብሎ ተስፋ አይቁረጥ። ከክብደቱ ከመቶ ከ5 እስከ 10 ብቻ መቀነስ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን እንደሚያሻሽል በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። 90 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 9 ኪሎ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። እንደ እኔ አስተያየት በ82 ኪሎ ለዓመታት ጸንቶ የሚኖር ሰው፣ ለሠርግ ብሎ 70 ደርሶ በክረምቱ ወደ 90 ከሚመለሰው የተሻለ ውሳኔ አድርጓል።

ልኩ ከተወሰነ በኋላ ሁለት ኪሎ ወደ ላይ፣ ሁለት ኪሎ ወደ ታች መፍቀድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት መመዘን ይበቃል፤ በየቀኑ መመዘን ለአንዳንዱ ሰው ጭንቀት ይሆንበታል። ሚዛን የሌለው በከተማ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው በሚቀመጡ ልጆች ዘንድ፣ በገጠርም በወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን ሊመዘን ይችላል። የቀበቶ ቀዳዳም ቢሆን አይዋሽም።

በጾምና በፍስክ

ጾምን የማቅጠኛ ዘዴ ማድረግ አዲስ ፈተና ነው፤ «ዐቢይ ጾም ሲገባ እቀንሳለሁ» የሚሉ ሰዎች እየበዙ ነው። ክብደት መቀነስ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የጾምን ምክንያት ከእግዚአብሔር ወደ መስተዋት ካዞርነው ጾሙ ጠፍቶ ዳይት ብቻ ይቀራል። ደግሞም ብዙ ጊዜ አይሳካም። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ በቦታው ዘይት የበዛበት ወጥ፣ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲተካ፣ የጾሙ ወቅት አልፎ ክብደቱ እንዳለ ይገኛል። ሌላው ሁለት ወር ሙሉ ሳስቶ ጾሞ በፋሲካ ሳምንት ያጣውን ሁሉ ይመልሳል፤ ሆዱንም ያሳምመዋል። በፍስክ የሚደሰት ሰው ይደሰት፤ በዓል ነው፤ የመጀመሪያው ቀን እንደ ጠገበ ግን ሁለተኛውን ቀን ሥጋውን ለጎረቤት ቢከፍል ለሚዛኑም ለነፍሱም ይጠቅመዋል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ስለ እውነተኛ ጾም የሚያስተምረው ከተራበው ጋር እንጀራን ስለ መካፈል ነው፤ ከላይ የጠቀስነው የ22 ከመቶ ቁጥርም ሩቅ አገር ያለ አይደለም፣ በየቁምስናችን ያለ ነው።

በመጨረሻ ስለ ሕሙማን። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 882 ምእመናን ጾምን የየራሳቸው ቤተ ክርስቲያን በደነገገችው መሠረት እንዲጠብቁ ያዝዛል። ቤተ ክርስቲያን ግን በሽተኛን፣ ነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባን እናት ከአቅሟ በላይ አታስገድድም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌውን ወስዶ እስከ ቀትር ሳይበላ ቢቆይ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር፤ ቀጥሎም ለቆሞሱ ይንገር። በምግብ ፈንታ ጸሎት፣ ምጽዋት ወይም ሌላ ተጋድሎ ሊሰጠው ይችላል። የሐኪም ወረቀት ይዞ መምጣት አያስፈልገውም፤ ቃሉ ይበቃል።